የሱሉልታ ላሞችና የእኔ ኤምቢኤ፦ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ለአፍሪካ ምን ፈየደ?

መነሻው

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ሥራዬ አዲሱ ገበያ፣ የአንድ ጅምላ አከፋፋይ ሂሳብ ክፍል ውስጥ። ባለፈው ዓመት በማታው መርሐ ግብር ኤምቢኤ (የቢዝነስ ማስተርስ) ጨርሻለሁ። ኮሌጁን አልጠራውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቢሮ እየሮጥኩ ወጥቼ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሱሉልታ ሚኒባስ ወረፋ ይዤ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ የተማርኩት ስለ አሜሪካ ሱፐርማርኬት፣ ስለ አውሮፓ ቢራ ጠማቂና ስለ ጃፓን መኪና ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ የሚጀምረው የደንበኞች እርካታ ብሎ ነው። የእናንተም እንደዚሁ ስለሚጀምር ቀሪውን ልተወው።

አክስቴና እኔ አንድ ግቢ ነን። ስድስት የተዳቀሉ ላሞች አሏት፤ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አንድ ማታ ስለ ፍላጎት ትንበያ ተምሬ መጥቼ እራት ላይ ላስረዳት ብጀምር ሳቀችብኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን የወተት ገበያ ይሞታል፤ ላሟ ግን ጾም አታውቅም። ስለዚህ አክስቴ ሐምሌ ላይ ላሞቹን የሚያዳቅለውን ባለሙያ፣ አዳቃዩን፣ ትጠራለች። ላም ዘጠኝ ወር ነው የምታረግዘው፤ ጥጆቹ ፋሲካ ግድም ይወለዳሉ። ላም ከመውለዷ በፊት ደግሞ ሁለት ወር ያህል መንጠፍ፣ ወተት ማቆም፣ አለባት። የአክስቴ ላሞች የሚነጥፉት በጾሙ ነው። ገበያው ሲደርቅ ግታቸውም ይደርቃል፤ ጾሙ ሲፈታ እነሱ ወልደው ይጠብቃሉ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ይህ ሁሉ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ለአህጉሩ ኢኮኖሚ የጨመረው ነገር አለ? ወይስ የደመወዝ እርከን ማሳደጊያ ወረቀት ነው? እኔ ወረቀት ነው ባይ ነኝ። አክስቴ አንዲት ነገር ጽፋ ሳትይዝ ከእኔ ከባለ ማስተርሱ ትበልጣለች።

ይህን የለጠፍኩት ሐሙስ ማታ ነው። እሑድ ስከፍተው 38 መልስ ደርሶታል። ክሩ፣ የመልሱ ሰንሰለት፣ ረዝሞ መጀመሪያውን የሚያነብ ስለጠፋና አዲስ የሚመጣ ሁሉ የተመለሰውን መልሶ ስለሚጠይቅ፣ ማን ምን እንዳለ በቁጥር እየጠራሁ በራሴ አፍ ላውራችሁ። ያጣመምኩባችሁ ካለ አርሙኝ።

መልስ 1 እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጀመረ፤ ማኔጅመንት ተምሮ ባንክ መስኮት ላይ ብር እየቆጠረ እንደሚውል ነግሮኝ ሄደ። መልስ 2 ኮሌጁን ጥራው አለኝ። መልስ 3 ካልጠራኸው ፈርተሃል ማለት ነው አለ። ፈርቻለሁ። ዲግሪውን ገና በእጄ አልያዝኩትም።

መልስ 4 የመጣው ራሳቸውን መምህር ነኝ ካሉ ሰው ነው፤ ከሁሉም ረጅሙና ከሁሉም ጨዋው። ወቀሳዬን ሳይቃወሙ ታሪኩን ከሥሩ አመጡት። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኮሜርስ እ.ኤ.አ. በ1943 ሲከፈት ጣልያን ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ መንግሥትና ባንክ የቸገራቸው ነጋዴ ሳይሆን መዝገብ ያዥ፣ ጸሐፊና ታይፒስት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ኮሌጅ በ1963 ተከተለ። የጋናው በ1960 ሲቋቋም ስሙ ራሱ የአስተዳደር ኮሌጅ ነበር። የኬፕታውኑ 1964 ነው። በመምህሩ አባባል ያ ትውልድ የተወለደው ቢሮ ለመሙላት ነው፤ ቢሮውንም ሞልቷል። ከድርጅቶች ጋር ቁጭ ብለው እንሥራ ያሉት የሌጎሱ በ1991፣ የጆሃንስበርጉ ጊብስ በ2000፣ የናይሮቢው ስትራትሞር በ2005 ነው የመጡት፤ የአፍሪካ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው በ2005 ነው። ስለዚህ ገና ጥርሱን ያልነቀለን ልጅ ስለምን አላረስክም ብዬ እንደምከስ አድርገው በትህትና ገሠጹኝ። እውነት አላቸው፤ እኔ ኮሜርስን እንኳ የማውቀው በሰንጋ ተራ ሳልፍ ብቻ ነው።

መልስ 5 ግን ጨዋነቱ አልጣመውም። መምህሩ ዓመት እንጂ ፍሬ እንዳልቆጠሩ ጻፈና ወደ እኛው አገር መለሰው። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መንግሥት 70 ለ30 የሚለውን ድልድል አምጥቶ የዩኒቨርሲቲውን በር ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ሲያሰፋው፣ ቢዝነስ መማር የፈለገው ሰው ወደ ግል ኮሌጅ ጎረፈ። ለኮሌጁም ከቢዝነስ የሚረክስ ትምህርት የለም፤ ላቦራቶሪ አይፈልግ፣ ማሽን አይፈልግ፣ ወንበርና ጠመኔ ከተገኘ ፎቅ ተከራይቶ መጀመር ነው። የእሱ ክፍል ከጂም በላይ ነበር አሉ። የእኔ ከፈርኒቸር ቤት በላይ ነበር፤ ፋይናንስን የተማርኩት በመዶሻ ድምፅ ነው።

መልስ 6 ወደ ፋብሪካ ወሰደን። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር የሆነ ሰው ነው። ካይዘን የሚባለውን የጃፓን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ የሚያስተምረው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሞ አሠልጣኞች ወደ እነሱ ሲመጡ ሠራተኛው መጀመሪያ ቀልዶባቸዋል፤ ጃፓን ድረስ ሄዶ መጥረጊያ መያዝ ተምሮ መጣ እያለ። መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር ተሰመረ፤ የማይፈለግ ዕቃ ላይ ሁሉ ቀይ ወረቀት ተለጠፈ፤ አንድ ዘበኛ የለጠፉበትን የራሱን ወንበር ፈልጎ አጣ። ከዚያ ግን መለዋወጫ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ እየቀነሰ ሲመጣ ሳቁ ቆመ። ሰውየው ሊለኝ የፈለገው፣ የማኔጅመንት ዕውቀት ጥቅም የለውም ማለቴ ስህተት እንደሆነና ስህተቱ በፎቁ ላይ ተዘግቶ መቅረቱ እንደሆነ ነው። ከዚያው ጋር አሠልጣኞቹ በሄዱ በስንት ጊዜው ቢጫው መስመር እንደጠፋም ጨመረ፤ ግን ያንን በቅንፍ አስገብቶ ነው ያለፈው።

መልስ 7 ይህንኑ በጥናት ደገፈው። ሙምባይ አካባቢ ባሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ላይ የተሠራ ሙከራ ነው፤ ለአንዳንዶቹ አማካሪ በነጻ ተላከላቸው፣ ሌሎቹ ለማነጻጸሪያ ተተዉ። ክምችት መቁጠር፣ ብልሽትን መመዝገብ፣ ማሽን ሳይቆም መጠገን፤ እንዲህ ያለው ተራ ነገር ምርታማነታቸውን በመጀመሪያው ዓመት በ17 በመቶ ከፍ አደረገው። ባለቤቶቹ ይህን ቀድመው ያልሠሩት ገንዘብ አጥተው አይደለም። አንዳንዱን አልሰሙትም፤ የሰሙትን ደግሞ ለእኛ አይሆንም ብለው ነበር።

መልስ 8 ጥናትን በጥናት መለሰ። ቶጎ ሎሜ ውስጥ 1500 ትናንሽ ነጋዴዎች ተመርጠው በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ክፍል እኛ የምናውቀውን ትምህርት ተማረ፦ ሂሳብ አያያዝ፣ ግብይት፣ የሰው ኃይል። ሁለተኛው በሥነ ልቦና ላይ የቆመ ሥልጠና ወሰደ፤ በራስ ተነሳሽነት መጀመር፣ ከጎረቤት ነጋዴ የተለየ ነገር መሞከር፣ ሲወድቁ መንገድ መቀየር። ሦስተኛው ምንም። የሁለተኛዎቹ ትርፍ በ30 በመቶ አደገ። የመጀመሪያዎቹ 11 በመቶ ቢታይባቸውም በስታቲስቲክስ ሚዛን ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። ይህን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ የተማርኩት በሙሉ ያው የ11 በመቶው ነው።

መልስ 9 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሕንድና ቶጎ ምን አስኬደን፣ የራሳችን አለ ብሎ ተነሳ። እኛው አገር ፋብሪካዎች ደጃፍ ሥራ ሊቀጠሩ የመጡ ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎች በዕጣ ተለይተው፣ ለከፊሉ የፋብሪካው ሥራ፣ ለከፊሉ 300 ዶላር ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር ተሰጠ። ከዓመት በኋላ ብር የወሰዱት ገቢ በሲሶ በልጦ ተገኘ፤ ፋብሪካ የገቡት ሰዎች ገቢ አልጨመረም፣ ጤናቸው ግን ተጎድቷል። አምስት ዓመት ቆይተው ሲያዩ ሁሉም አንድ ሆነዋል፤ ልዩነቱ ጠፍቷል። ሰውየው ከዚህ ያወጣው መደምደሚያ የሚያድገው ካፒታልና ገበያ ያለው ብቻ ነው የሚል ነው። እኔንና መሰሎቼንም ከረባት ያሰርን ደላሎች አድርጎ አለፈ።

ከ10 እስከ 14 ያለው የዚያች ቃል ጦስ ነው። አንዱ ስድብ ይቅር አለ፤ አንዱ እውነት አያስቀይምም አለ። ከዚያ አንድ እውነተኛ ደላላ መጣና እሱ ከረባት ካሰሩት ጋር በመቆጠሩ ቅር መሰኘቱን ገለጸ። ሱሉልታ ላይ ያለ ደላላ ድርቆሽ እንደማይወርድ፣ ቤት እንደማይከራይ፣ ላም እንደማይሸጥ፤ የእሱ ስልክ ውስጥ ያለው መረጃ ከማንም ማስተርስ እንደሚበልጥ ተናገረ። አንዲት ሴት ያንኑ መረጃ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ እንደሚሸጠው አስታወሰችው። እዚህ ላይ ጣልቃ ብገባ ይሻል ነበር፤ ግን ስለ ሥራው እንዲህ በኩራት የሚናገር ሰው በክፍላችን አላየሁም ነበርና ማንበቤን ቀጠልኩ።

መልስ 15 ወደ ቁም ነገር መለሰን፤ ለእኔ የክሩ እምብርት ይኸኛው ነው። ሰበታ ላይ ከብት የምታረባ ሴት ናት። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ላምንም ጨምሮ፣ ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ይህን ሰምታ አንድ ባንክ ሄደች፤ የትኛው እንደሆነ አልጠቀሰችም። የብድር ባለሙያው አዋጁን አውቆታል፤ በፈተና ሳይቀር ጽፎታል። ላሟን ስንት ብሎ እንደሚገምታት፣ ብትሞት፣ ብትሰረቅ፣ ብትነጥፍ ዋጋዋ ምን እንደሚሆን ግን የሚያሰላበት መንገድ አልነበረውም። በመጨረሻ የቤት ካርታ አምጪ አላት። ካርታ ቢኖራት መጀመሪያውኑ ላሟን ለምን ታስይዛለች? የሴትየዋ ሐሳብ፣ ሕግ አውጪው ድርሻውን እንደተወጣና ቀሪው የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ዕዳ እንደሆነ ነው። ላም መገመት የሚችል የብድር ባለሙያ ከየት ይመጣል፣ ካልተማረ?

መልስ 16 መምህሩ ተመለሱ፤ ያኔ ነው የወደድኳቸው። የብድር ትንተና የሚያስተምሩ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ምሳሌዎቻቸው ቤት፣ መኪናና ሕንፃ እንደሆኑ፣ በዘመናቸው ላም አንድ ጊዜ እንኳ ሰሌዳ ላይ ጽፈው እንደማያውቁ ሳይሸፋፍኑ አመኑ።

መልስ 17 የመጣብኝ ከአዳቃይ ነው፤ የሚሠራው በዚሁ በሱሉልታና ጫንጮ መስመር ነው። መነሻ ጽሑፌ ላይ ነገሩን እንደ ተረት እንዳሳመርኩት ነገረኝ። ኮርማ የመፈለግ ጊዜዋ ለሐምሌ ተብሎ አይመጣም፤ በመጀመሪያው ያልያዘች ላም ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው እንደገና የምትጠበቀው። ሁሉም ላሞች በአንድ ጊዜ ከነጠፉ ደግሞ ለ55 ቀን የመኖው፣ የፉርሽካና የፋጉሎ፣ መግዣ ከየት ይመጣል? አክስቴን ብጠይቃት ልክ ነው አለችኝ። ሁለቱን ሆን ብላ በሌላ ወር ነው የምታስጠቃቸው፤ የእነሱ ወተት ለሙስሊም ደንበኞቿ፣ ሕፃን ላለው ቤትና ለሁለት ካፌዎች ይሄዳል፤ የተረፈው ለፋሲካ ቅቤ ይናጣል። ይህን ሁሉ ሳልጠይቃት ነው ስለ እሷ የጻፍኩት።

መልስ 18 ዲያቆን ነው፤ ማንም ያላሰበውን ጠየቀ። ፋሲካ ቋሚ ቀን የለውም፤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ውስጥ ይመላለሳል። የሠላሳ አራት ቀን ልዩነት ለላም ብዙ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተሰልቶ መባጃ ሐመሩ፣ የአጽዋማቱ ቀን የሚወጣበት ቁጥር፣ ይገኛል፤ ነነዌ ይታወቃል፤ ከነነዌ 14 ቀን ተቆጥሮ ዐቢይ ጾም ይገባል። ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ፣ ማለት ይህ ነው። የአዲሱ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ታትሞ የሚሸጠው ግን ዘመኑ ሊለወጥ ሲል ነው፤ አክስቴ ሐምሌ ላይ የሚቀጥለውን ጾም መግቢያ በምን አወቀችው? መልስ አልነበረኝም። ፍላጎት ትንበያ ተምሬ ኤ ያገኘሁት ሰውዬ ይህ ጥያቄ ራሱ አልመጣልኝም።

መልስ 19 ከክሩ ሁሉ ስለታሙ ነው፤ ሦስት መስመር ብቻ ናት። አክስቴ ምንም አትጽፍም ያልኩትን አነሳና ጓዳዋን ፈትሼ እንደሆነ ጠየቀ። ያልፈተሽኩ ከሆነ ሴት፣ ገበሬና ስድስተኛ ክፍል ስለሆነች ብቻ አትጽፍም ብዬ መደምደሜን፣ አድናቆቴም ንቀት እንዳለበት ጻፈ። ስልኬን አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ።

ከ20 እስከ 27 ሰው ሁሉ ወደ ፋጉሎ ሄደ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ መኖና መድኃኒት የማይቀመስ ሆነ የሚለው አማረረ፤ የአገር ውስጥ ኑግ ከዶላር ምን አገናኘው የሚለው ተቆጣ፤ ነዳጁ ነው የሚለው ሁለቱንም አረመ። አንዱ የሱሉልታ ድርቆሽ በክረምት ይርከስ ወይስ በበጋ ብሎ የጀመረው ክርክር ራሱን የቻለ ክር ሊሆን ይገባው ነበር። መልስ 26 የእንጦጦን መንገድ የትራፊክ መጨናነቅ ረገመ። ድምፄን ሰጥቼዋለሁ።

መልስ 28 ኬፕታውን ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው በአሮጌው የብሬክዋተር እስር ቤት ግቢ ውስጥ እንደሆነ ነግሮን አሳቀን። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነበር፤ ሕንድን በሌላ በኩል አመጣት። አህመዳባድ ያለው ታዋቂው የማኔጅመንት ተቋም በ1961 ሲመሠረት ሃርቫርድ አግዞታል፤ ዘዴውም ከዚያው የመጣ ነው። በዚያው በጉጃራት፣ አናንድ በምትባል ከተማ ግን ነገሩ ተገልብጧል። በ1946 ወተት አምራቾቹ ደላላ ሲያንገላታቸው ኅብረት ሥራ አቋቋሙ፤ ሜካኒካል መሐንዲሱ ቨርጊስ ኩሪየን በ1949 ደርሶ አሙል የሚባለውን ስም አገነነው፤ የገጠር ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት የተከፈተላቸው ደግሞ በ1979 ነው። ወተቱ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ተከተለ። ሰውየው እንደሚለው የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ማለት ይቻላል አህመዳባድን መሆን ይመኛሉ፤ አናንድን የሚመኝ አላየም።

እኔ በዚህ ተረታሁ። ወረቀት ነው ያልኩትን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ። ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ መኖር ሳይሆን ከማን ደጃፍ ጀምሮ እንደሚማር አለማወቁ ነው፤ ትምህርት ቤት አስተማሪ ብቻ ሆኖ ተማሪ ካልሆነ ከፈርኒቸር ቤቱ በላይ ይቀራል።

መልስ 29 ግን የሚለቅ አልነበረም። ስለ ባዕድ ምሳሌ አልቅሰን ሲያበቃን ጉጃራትን ማምጣታችንን አፌዘበት፤ እዚያ ኅብረት ሥራውን የመንግሥት ክንድ ደግፎታል፤ 55 ቀን ወተት የማይቀምስ ከተማም የለባቸውም። ደላላው (የ12ኛው) ደግሞ በ30 ላይ ተመልሶ ደላላ ነው ያንገላታቸው መባሉን ተቃወመ።

በ31 መምህሩ አክስቴ ፈቃደኛ ከሆነች አራት ተማሪዎቻቸውን ይዘው መጥተው የላሞቿን ነገር ለክፍል ማስተማሪያ እንዲጽፉት ጠየቁ። ከ32 እስከ 37 ስለዚህ ነው፤ አምስቱ ደገፉ፣ አንዱ አክስቴ እንድትከፈል ጠየቀ። ይህኛውን ለአክስቴ ሳነብላት ስድስቱም መልካም ሰዎች ናቸው፣ ግን የመጨረሻው ይበልጣል አለች። 38 ቅቤ በኪሎ ስንት ነው የሚል ነው።

ተማሪዎቹ በተከታዩ ቅዳሜ መጡ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። አክስቴ መጀመሪያ ቡና አፈላች፤ ከዚያ አንደኛው ተማሪ ፈራ ተባ እያለ መዝገብ ይኖራት እንደሆነ ጠየቃት። ጓዳ ገብታ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ፣ የዘጠኝ ዓመቱን፣ በሲባጎ ታስሮ አመጣችው። በየቀኑ ካሬ ውስጥ ሊትሩ በእርሳስ ተጽፏል፤ የተጠቃችበት ቀን ክብ፣ የወለደችበት መስቀል። የሚመጣውን ዓመት መባጃ ሐመር በየዓመቱ ሰኔ ላይ የምትጠይቀው ሰፈራችን ያሉትን መርጌታ ነው፤ እሳቸውም ለፋሲካ ግማሽ ኪሎ ቅቤ አላቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ለዲያቆኑም ለ19ኛውም መልሱን እንዳደርስ አዘዙኝ፤ ይኸው አደረስኩ።

ተማሪዎቹ ገጾቹን በስልካቸው ፎቶ ሊያነሱ ሲጀምሩ አክስቴ ሁሉንም ፈቅዳ የዘንድሮውን የጥርና የየካቲት ገጽ በእጇ ሸፈነችው። በዱቤ ወተት የወሰደ ሰው ስም ያለው እዚያ ላይ ነው፤ የሰው ገመና አይወጣም አለቻቸው። እኔ ከጎኗ ስለቆምኩ አየሁት። ከላይ ሦስተኛው የእኔ ስም ነበር።